ከአሥራ አራተኛው ዘር የተረፉት

ማክሰኞ ጠዋት ጥሩዬ የትሎቹን ክፍል ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ከትሪው ጠርዝ በተንጠለጠለች አንዲት ትል ላይ ነበር። ጤነኛ የሐር ትል ቅጠሉን ትቶ የትም አይሄድም፤ ቀን ተሌት መብላት ነው ሥራው። ይቺ ግን ምግቧን ጥላ፣ የትሪውን ግድግዳ ወጥታ፣ በኋላ እግሮቿ ብቻ ተይዛ ቁልቁል ተዘቅዝቃለች። ቆዳዋ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ጥሩዬ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ነካ ብታደርጋት ፍርጥ አለችና ወተት የመሰለ ፈሳሽ ተንጠባጠበ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ብቻዋን።

ቀና ብላ መደርደሪያውን ስታይ ሌላም አለ። ከሁለተኛው ትሪ ሦስት፣ ከአራተኛው ሰባት፣ ከታችኛው ደግሞ መቁጠሩን ተወችው። ወደ ላይ የሚወጣው ሁሉ ሊሞት የሚወጣ ነው። በሽታውን ታውቀዋለች። ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ የሐር ትል ማርቢያ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ሁለት ጊዜ ገብቶባቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ ቤቱን ባዶ አድርጎት ነው የወጣው። ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ጋዋኗንና ጓንቷን እዚያው አውልቃ ከረጢት ውስጥ ከተተች፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ስልክ ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥሩዬ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ዲቪ ደርሷት ከባሏ ከአምሐ ጋር ኦክላንድ ስትገባ በእጇ የነበረው ሙያ አንድ ብቻ፣ እሱም እዚህ አገር ለማን ይጠቅማል የሚያሰኝ፣ ትል ማሳደግ። እዚያው አቅራቢያ አልባኒ ውስጥ አረጋውያን ስትንከባከብ አራት ዓመት ከረመች። ሽማግሌ ታነሳለች፣ አሮጊት ታጥባለች፣ ወገቧን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአንዲት ሴት ጋር ወግ ሲይዙ፣ ሴትዮዋ «የኔ ልጅ ደግሞ ያን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የሐር ትል ያለበት ቤት ገብቶልሻል» ብላ ተማረረች። ጥሩዬ የያዘችውን ኩባያ አስቀምጣ «የት?» አለች።

ልጁ ናታን ይባላል። ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው። ቤቱ ደግሞ ከሐር ክር የቀዶ ጥገና መስፊያ የሚሠራ፣ አሥራ አራት ሰው የሚሠራበት ትንሽ ድርጅት ነበር። ናታን በኮምፒውተር የትሎቹን ዲኤንኤ ያነባል። ጥሩዬ ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ እንግሊዝኛዋ አልፈታ ቢላት፣ ዝም ብላ ወደ ትሪው ሄደችና «እነዚህ ነገ ቆዳ ሊቀይሩ ነው፤ ዛሬ ማታ ቅጠል አትስጧቸው» አለች። በነጋታው ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ መብላት አቁመው ቆሙ። ተቀጠረች። ይኸው አምስት ዓመቷ።

የድርጅቱ ተስፋ አሥራ አራተኛው ዘር ላይ ነበር። ክሩ ቀጭን፣ እኩልና ጠንካራ ነው። ጉድለቱ በሽታ አይችልም። ዘጠነኛው ዘር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ምንም ቢመጣበት አይሞትም፣ ክሩ ግን ሻካራ ስለሆነ ቁስል መስፋት አይሆንለትም። ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በልጅነታቸው ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ማንም አይለያቸውም።

እስከ ዓርብ ድረስ የአሥራ አራተኛው ዘር ትሎች እንደ ቅጠል ረገፉ። ጥሩዬ የሞተውን በወረንጦ እየለቀመች በረኪና ውስጥ ትጨምራለች፣ ትሪ ትቀይራለች፣ ጓንት ትቀይራለች። ከሁለት ሺህ በላይ ከነበሩት፣ አንዲት ትሪ ላይ ብቻ ሰባ አንድ ቀሩ። እነሱ ከሞቱት ጋር ያንኑ ቅጠል በልተዋል፣ በሞቱት ላይ ተራምደዋል። ግን ይበላሉ። ጥሩዬ ጎንበስ ብላ ስታያቸው የራሷን ትንፋሽ ፈራች።

ዋና ኃላፊዋ ዶክተር ካልደር አሥሩን ወስዳ በአንድ ላይ አስፈጨችና ዲኤንኤያቸው ተነበበ። ሰኞ ጠዋት ጥሩዬን ቢሮዋ ጠራቻት። ናታንም ነበረ።

ካልደር ክፉ ሴት አይደለችም። ስትናደድ ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ያን ዕለት ደግሞ ጨርሶ አይሰማም ነበር።

«ጥሩዬ፣ እነዚህ ውስጥ ዘጠነኛው ዘር አለ» አለቻት። «የተረፉት ለዚህ ነው የተረፉት። ንጹሕ አሥራ አራተኛ ዘር አይደሉም፤ ተቀላቅለዋል። ትሪ የምትቀይሪው አንቺ ነሽ። የምታውቂው ነገር አለ?»

ጥሩዬ «አላውቅም» አለች።

መዋሸቷን ያወቀችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«እንግዲያው ዓርብ ቀን በስድስት ሰዓት ክፍሉን የሚያጸዱ ሰዎች ይመጣሉ» አለች ካልደር። «ያለው ትል በሙሉ ይወገዳል። ቫይረሱ ቀጣዩ ክፍል ከገባ ድርጅቱ አለቀ። የአሥራ አራተኛው ዘር እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ አለን፤ ከዚያ እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

ከቢሮው ሲወጡ ናታን እጅጌዋን ያዝ አደረጋትና ወደ ኮምፒውተሩ ወሰዳት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ... ላሳይዎት» አለ። አማርኛው ሁሌም እዚህ ጋ ይደናቀፋል። ስክሪኑ ላይ ረጅም መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ እንደ ሣር የበቀሉ ትንንሽ ሰረዞች። «ማሽኑ ዲኤንኤውን እንዳለ አያነበውም። ይቆራርጠዋል፣ በጣም ትንንሽ። ከዚያ ኮምፒውተሩ መልሶ ይገጣጥማል።»

«እንደ ተቀደደ ወረቀት።»

«ኤግዛክትሊ! ግን ፕሮብሌሙ፣ የሐር ትል ዲኤንኤ ግማሽ ያህሉ ሪፒት ነው። ያው ነገር፣ ያው ነገር፣ ሺህ ጊዜ። ራሱን ኮፒ እያደረገ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚለጠፍ ሁሉ አለ። ስለዚህ ቁራጩ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ ሲቸግረው የሚመሳሰለውን ሁሉ አንድ ቦታ ይከምረዋል።»

ጥሩዬ ወደ ሰረዞቹ ተጠጋች። ሰኞው የሕማማት ሰኞ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ከመምጣቷ በፊት ሰግዳ ነበር የመጣችው።

«አንተ በልጅነትህ እናትህ ለሕማማት ትወስድህ የለ?» አለችው። «ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን እያልን ስንሰግድ ትዝ ይልሃል? መጽሐፉን ቀዳደህ 'ኪርያላይሶን' የምትል ቁራጭ ብቻ ብትሰጠኝ ከየትኛው ገጽ እንደሆነች አልነግርህም። ከፊቷና ከኋላዋ ያለውን ጸሎት የያዘ ረዘም ያለ ቁራጭ ከሰጠኸኝ ግን ወዲያው እነግርሃለሁ።»

ናታን ወንበሩን አዙሮ አያት። «ሎንግ ሪድ» አለ። «እሱኮ ነው። ረጅሙን የሚያነብ ማሽን ሳን ሆዜ አለ፤ አብረውን የሚሠሩት ጋ።» ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አንድ ቦታ አሳረፈ። «ይሄን ይዩ። እዚህ ጋ ቫይረስ የሚዋጋ አንድ ጂን አለ፤ ግራና ቀኙ ሪፒት ነው። የሞቱት ላይ ቁልሉ ይሄን ያክላል። የተረፉት ላይ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምናልባት ጂኑ ሁለት ሆኖ ይሆናል። የወንዱ ስፐርም ሲሠራ ክሮሞዞሞቹ ይለዋወጣሉ አይደል? ግራ ያለው ሪፒትና ቀኝ ያለው ስለሚመሳሰሉ ይሳሳታሉ፤ አንደኛው ጂኑን ሁለት ይወስዳል፣ ሌላኛው ባዶውን ይቀራል። አዲስ ጂን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው።»

«ለካልደር ነግረሃታል?»

«ሪፒት አጠገብ ሁሌም ይከመራል፣ አትመነው አለች። ደግሞ ዘጠኝ የገባበት ዳታ ቆሻሻ ነው፣ በሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም አለች።» ትከሻውን ነቀነቀ። «እንዴት እንደተቀላቀለ ብናውቅ... ምን ያህሉ ዘጠኝ እንደሆነ ብናውቅ፣ አንድ በአንድ እናነባቸው ነበር። አሁን ግን፣ አይ ዶንት ኖው።»

ጥሩዬ ወደ ትሎቹ ተመለሰች። እንዴት እንደተቀላቀለ እሷ ታውቃለች።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ነበር። ትሎቹ ገና የጣት ጥፍር አያክሉም፤ ከአሮጌ ትሪ ወደ አዲስ በላባ እየጠረገች ታዛውራለች። ሁለቱንም ዘር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አውርዳቸው ነበር፤ ማድረግ የሌለባትን። ስልኳ ጮኸ። አምሐ ኤርፖርት ሰው አድርሶ ሲመለስ ደረቱን ይዞት፣ ሰው አንስቶ ኢመርጀንሲ አስገብቶታል። ትሪዎቹን እንዳሉ ትታ ሮጠች። በማግስቱ ስትመለስ ሁለት ትሪዎች ሌብላቸው ተላቆ ወድቋል፣ ላባው በሁለቱ መካከል ተጋድሟል። የቱ የቱ እንደሆነ በቅጠሉ ዓይነት ገምታ ለጠፈችው። ለማንም አልተናገረችም። በዚያ ቀን ባሏ ልቡ ላይ ቱቦ እየገባለት ነበር።

ማታ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ባለው አፓርታማቸው፣ አምሐ ጨው የሌለውን ሽሮውን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ አልበላም ብሎ ሲያኮርፍ ነገረችው። እስክትጨርስ አልጠበቀም፤ ሳህኑን ገፋ።

«ማን ጠየቀሽ?» አለ።

«ጠየቀችኝ። ዋሸኋት።»

«አልዋሸሽም። አላውቅም አልሽ፤ አታውቂምም። ገምተሽ ለጠፍሽ እንጂ መቀላቀሉን አይተሻል?»

«አምሐ፣ እኔን ነው የምታታልለው?»

አምሐ ደረቱን በመዳፉ ያዝ አደረገ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ያመጣው ልማድ ነው። «እሺ ንገሪያትና ታባርርሽ» አለ። «የኔ መድኃኒት በማን ኢንሹራንስ ነው የሚመጣው? በሚቀጥለው ወር ዳግም ልታይ ነው። ለትል ብለሽ?»

ጥሩዬ ሳህኑን አነሳች፤ እውነቱን ነው። ሌሊቱን ሁለቱም ጀርባ ተሰጣጥተው ጋደም አሉ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም። ሊነጋጋ ሲል አምሐ በጨለማው ውስጥ «ስትዋሺ ፊትሽ ያስታውቃል» አለ። «ደብቂ ብልሽም አትችይበትም።» እሺ ማለቱ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ጥሩዬ ካልደር ቢሮ በር ላይ ቆመች። አልተቀመጠችም።

«ትናንት አላውቅም ያልኩት ልክ አይደለም» አለች። እንግሊዝኛውን መንገድ ላይ ስትለማመደው ነበር የመጣችው። «የቀላቀልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።» ሁሉንም ነገረቻት፤ ጠረጴዛውን፣ ስልኩን፣ የወደቀውን ሌብል፣ ግምቷን።

ካልደር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ያኔ ብትነግሪኝ ትሪውን እንጥለው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽ?»

«አዎ።»

«ባልሽ መታመሙን አላውቅም ነበር።»

«እሱ ሰበብ አይሆነኝም። ግን አንድ ነገር ስሚኝ። የተቀላቀለው በላባ ላይ የቀረ ጥቂት ነው፤ ከሰባው ሁሉም ዘጠኝ ሊሆን አይችልም። ልለይልሽ እችላለሁ።»

«በምን? ሁለቱም ነጭ ናቸው።»

«እስከ ትናንት ድረስ ነጭ ነበሩ» አለች ጥሩዬ። «ዛሬ ጠዋት አራተኛውን ቆዳ ጨርሰው ቀየሩ። አሁን እግራቸው ይታያል።»

ካልደር ተነስታ ጋዋን ለበሰች።

ትሎቹ ክፍል ውስጥ ጥሩዬ አንድ በአንድ እያነሳች ከመስኮቱ ብርሃን ትይዛቸዋለች። ዘጠነኛው ዘር ኮኩን፣ ራሱን የሚጠቀልልበትን የሐር ሽፋን፣ ሲሠራ ቢጫ ነው የሚሠራው፤ ቢጫው ደግሞ ከደሙ የሚመጣ ስለሆነ ትሉ ሲያድግ በሆዱ በኩል ባሉት ወፋፍራም እግሮች ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። የአሥራ አራተኛው እግር እንደ ሰም ነጭ ነው። ሃያ አየች፤ ሁሉም ነጭ። ሠላሳ። ካልደር ክንዷን አጣምራ ቆማለች። ሠላሳ አራተኛዋ ላይ ጥሩዬ ቆመች፤ አዞረቻት፣ እንደገና አየቻትና ለብቻ ባለ ኩባያ ውስጥ አስቀመጠቻት። ከስድሳ አንዱ አራት አወጣች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ጥሩዬ ቀጭን መቀስ አነሳችና ከአንደኛዋ የእግር ጫፍ ቅንጣት ያህል ቆረጠች። የወጣችው ጠብታ ደም እንደ እርድ ቢጫ ነበረች። ከነጭ እግሮቹ አንዲቱን ቆንጠጥ አደረገች፤ ጠብታው እንደ ውኃ የጠራ ነበር። ካልደር በሩን ከፍታ ናታንን ተጣራች።

ነጭ እግር ካላቸው ከስድስቱና ከቢጫዎቹ ከሁለቱ፣ ሳይገደሉ ከእግራቸው ጫፍ፣ እንዲሁም በፍሪጅ ከተቀመጡ ሁለት ሬሳዎች ለየብቻ ናሙና ተወሰደ። ናታን ዲኤንኤውን ሳይሰባበር ለማውጣት ማታውን ሙሉ በዝግታ ሠራ፤ ረጅም ክር እንዲሆን ሲፈለግ በኃይል መነቅነቅ አይቻልም። ረቡዕ ጠዋት በረዶ ባለበት ሳጥን አድርገው ሁለቱም በናታን መኪና ወደ ሳን ሆዜ ወረዱ። ጥሩዬ ሳጥኑን እንደ ጨቅላ ታፋዋ ላይ ታቅፋዋለች። ዩኒየን ሲቲ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመ፤ ከፊት አደጋ አለ። ናታን መሪውን በጣቶቹ ይመታል።

«እትዬ፣ ባይሆንስ?»

«ካልሆነ አልሆነም። አንተ ያየኸውን ተናገርክ፣ እኔ ያደረግኩትን ተናገርኩ። አሁን ንዳ።»

«መኪናው ቆሟልኮ።»

«ሲከፈትልህ ንዳ።»

ሳጥኑን አስረክበው ሲመለሱ እዚያ ያለው ባለሙያ የነገራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ማሽኑ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ከዓርብ ስድስት ሰዓት በፊት አይደርስም።

ዓርብ ስቅለት ነበር። ጥሩዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ስቅለትን ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ውላ አታውቅም። አምሐን ሰው ወስዶት እንዲሄድ አድርጋ፣ እሷ ነጠላዋን በቦርሳዋ ይዛ ሥራ ገባች። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የጽዳት ሰዎቹ ነጭ ቱታቸውን ለብሰው፣ የመርጫ ታንካቸውን እየገፉ በኮሪደሩ መጡ። ከሳን ሆዜ ምንም የለም።

ጥሩዬ በሩ ላይ ቆመች። ካልደር ከወዲያ መጣች።

«ጥሩዬ፣ ተነጋግረናል። መጠበቅ አልችልም። በእያንዳንዱ ሰዓት ቫይረሱ በሰው ጫማ ሊሻገር ይችላል።»

«ክፍሉን አጽዱት» አለች ጥሩዬ። «አትጠብቁ። ትሎቹን ግን እኔ ይዤ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ልግባ። እያንዳንዱን በየኩባያው ከድኜ። በሩን ከውጭ ቆልፉት። ማንም አይገባም፣ እኔም አልወጣም። ማታ ምንም ካልመጣ በገዛ እጄ በረኪና ውስጥ እከታቸዋለሁ።»

«በቀጣዩ ክፍል ያሉትን ጤነኞች ማን ይቀልባል?»

«ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው። እኔ ለአንድ ሳምንት ወደዚያ ክፍል ድርሽ አልልም።»

ከጽዳት ሰዎቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። ካልደር ግንባሯን በሁለት ጣቷ አሸችና «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት» አለች።

ዕቃ ማጠቢያው ክፍል መስኮት የለውም። አንድ የብረት ገንዳ፣ አንድ በርጩማ፣ ገንዳው አጠገብ የበረኪናው ጄሪካን። ጥሩዬ ኩባያዎቹን በረድፍ ደርድራ፣ በየኩባያው አንድ አንድ ቅጠል ጥላ ተቀመጠች። ምግብ አልቀመሰችም፤ ውኃም አልጠጣች። ነጠላዋን አውጥታ ለበሰች። ሊሰገድ የሚቻል ቦታ አልነበረም፤ ቢሆንም ገንዳውንና በርጩማውን ገፋ አድርጋ ጉልበቷ እስከሚችለው ሰገደች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ከኩባያዎቹ በአንዱ ውስጥ አንዲት ትል ቅጠሏን ትታ ግድግዳውን መውጣት ጀመረች።

ጥሩዬ ከበርጩማው ተነሳች። ትሏ ቀስ እያለች ክዳኑ ጋ ደረሰች፤ አንገቷን ወዲህና ወዲያ አወዛወዘች። ቆዳዋ ተወጥሮ እንደሆነ ለማየት ጥሩዬ ኩባያውን ወደ መብራቱ አስጠጋች፤ መብራቱ ደብዛዛ ስለሆነ መለየት አልቻለችም። ስልኳን አንስታ ለካልደር ጻፈች፦ «አንዷ እየወጣች ነው።» ላከችው። ብትደብቀው ማንም አያውቅባትም ነበር፤ በሩ ተቆልፏል።

ካልደር መለሰች፦ «ተከታተያት።»

ከዚያ ነው ጥሩዬ ልብ ብላ ቅጠሉን ያየችው። ጠውልጎ ጠርዙ ተጠቅልሏል፤ በችኮላ ከከረጢቱ ሥር ያለውን አሮጌውን ነበር የሰጠቻት። ክዳኑን ከፍታ ትኩስ ቅጠል አስገባች። ትሏ አንገቷን ዘንበል አደረገች፣ ለአፍታ ቆመች፣ ቁልቁል ወረደች፣ ከቅጠሉ ጠርዝ ጀምራ መጋጥ ያዘች። ርቧት ነበር። ጥሩዬ በርጩማው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ተንኳኳ። ናታን ነው፤ መክፈት ስለማይችል በበሩ በኩል ይጮኻል።

«እትዬ! ሁለት ነው! ይሰማሻል? ጂኑ ሁለት ነው!»

«ቀስ በል። ምን አነበበ?»

«ረጅሙ ሪድ ከዳር እስከ ዳር አለፈበት። ሪፒት፣ ጂን፣ ሪፒት፣ ጂን፣ ሪፒት። በአንድ መስመር! ቁልል አይደለም፣ ስህተት አይደለም። ሁለተኛው ኮፒ ትንሽ ተቀይሯል። የሞቱት አንድ ብቻ ነው ያላቸው። ከነጭ እግሮቹ ከስድስቱ አምስቱ ሁለት አላቸው።»

«ስድስተኛዋስ?»

«የላትም። እንዴት እንደተረፈች አላውቅም።»

«ቢጫዎቹስ?»

«ዘጠኝ ናቸው። ሁለቱም። ልክ ብለሻል... ብለዋል።»

ቁልፉ ዞረ። የከፈተችው ካልደር ነበረች፤ ጭምብልና ጓንት አድርጋ፣ ከደፉ ሳታልፍ ቆመች። ኩባያዎቹን አየች፣ የጥሩዬን ነጠላ አየች፣ ያበጠ ዓይኗን አየች።

«የወጣችዋ ምን ሆነች?» አለች።

«ርቧት ነው።»

ካልደር ከጭምብሉ በላይ ዓይኗን ጨፈነችና ከፈተች። «አቆዪያቸው» አለች። «ሁሉንም።»

ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ዕለት ጥሩዬ ሁለት ወረቀት ተሰጣት። አንደኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ ሁለት ዘር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማውረዷን፣ የወደቀ ሌብል በግምት መለጠፏን፣ ለሁለት ሳምንት አለመናገሯን በዝርዝር ይዟል። ሁለተኛው አዲሱን ዘር ለብቻው እንድታሳድግ የሚመድባት ነው። ናታን ደብዳቤው ላይ እንድትከራከር፣ ዓርብ ያደረገችው እንዲጻፍላት እንድትጠይቅ ጎተጎታት። ጥሩዬ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የተሳሳተ ነገር አላገኘችበትም። ፈረመች።

ሃምሳ ሰባቱ ነጫጮች ሐራቸውን ፈትለው፣ ወደ እሳት እራትነት ተለውጠው፣ እንቁላል ጣሉ። ከዚያ የወጡት ልጆች በበጋው ሆን ተብሎ ቫይረሱ ሲሰጣቸው ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ተረፉ፤ ሦስቱ ግድግዳውን ወጡና ሞቱ። ሁለት ኮፒ የሌላት ስድስተኛዋ ለምን እንደተረፈች እስካሁን አልታወቀም፤ ናታን አሁንም የእሷን ልጆች ያነባል። ካልደር ከዚያ ወዲህ ማታ ከመውጣቷ በፊት በየትሪው ያለውን ሌብል እየዞረች ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን ጥሩዬን ይሸክካት ነበር። ኋላ ላይ ግን አብራት መዞር ጀመረች፤ አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ ትሎቹን ታያለች።